የሰው ወርቅ፣ የራስ ወርቅ፦ የሁለት አዳራሾች ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ ትልቅ አዳራሽ በተሠራ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። ማን ከፈለው? ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ ምን ነበር? ከተሠራ በኋላስ ማን ይገባበታል? ስለ መልኩ የሚነሣው ክርክር፣ «ያምራል»፣ «ከተማውን አይመስልም»፣ «መስታወት ብቻ ነው» የሚለው ሁሉ፣ ጥቂት ቆይቶ ወደነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መመለሱ አይቀርም። ሰው ስለ ግንብ የሚያወራ ይመስለዋል እንጂ የሚያወራው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ትዝታና ስለ በር ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን ነገር በሁለት አዳራሾች እንመልከተው። አንደኛው በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የቆመው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ሁለተኛው በሜክሲኮና በሣር ቤት መካከል የተተከለው የአፍሪካ ኅብረት የስብሰባ ማዕከልና ጽሕፈት ቤት ነው። በሁለቱ ምረቃ መካከል ሃምሳ አንድ ዓመት ልዩነት አለ። የመጀመሪያውን ኢትዮጵያ ከኪሷ ሠርታ ለአፍሪካ ሰጠች። ሁለተኛውን ቻይና ሠርታ ለአፍሪካ ሰጠች። የሀገራችን ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። ተረቱ ለሁለተኛው አዳራሽ የተተረተ ይመስላል፤ ብዙዎችም ተርተውበታል። ግን የራስ ወርቅስ ሁልጊዜ ያደምቃል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1958) ሲያቋቁም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ዕድሉ የመጣው በቀላሉ አልነበረም፤ ከመጣም በኋላ የሚያቆየው ነገር ያስፈልገው ነበር። ነጻ የሚወጡት የአፍሪካ ሀገራት ቁጥር እየበዛ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ዋና ከተማ የየራሱን ድርጅት፣ የየራሱን ስብሰባ ይፈልጋል። ኮሚሽኑን የሚያስተናግድ ደረጃውን የጠበቀ አዳራሽ የሌላት አዲስ አበባ ዕድሏን በእጇ እንደያዘች ልታጣው ትችላለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይህ ገብቷቸው ነበር። አዳራሹም በመንግሥታቸው ወጪ እንዲሠራ አዘዙ።

ሥራው የተሰጠው ሙያውን አስመራ ላይ ላዳበረው ጣሊያናዊ፣ ለአርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ጣሊያን ከኢትዮጵያ ከወጣ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። የየካቲት 12ን እልቂት ያዩ ዓይኖች ገና አልተከደኑም። እንዲህ ባለ ጊዜ የአፍሪካን ነጻነት የሚያስተናግደውን አዳራሽ ጣሊያናዊ ይንደፈው ማለት ዛሬ ቢሆን ስንት ያናግር ነበር! ንጉሡ ግን በቀልን ከሙያ ለይተው አዩት። በኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም ያስነደፉት ከዚሁ ሰው ጋር ነው። የመስኮቱን ጌጥ ደግሞ ለሀገር ልጅ ሰጡት። ወጣቱ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ያኔ የነበረውን ትግልና ተስፋ የተጣለበትን መጪ ጊዜ በሦስት ክፍል፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለቀለም መስታወት ላይ አስቀመጠው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት አዳራሹን በቀለም የሚሞላው ይህ ሥራ ዛሬም የቤቱ ነፍስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግንባታው በአሥራ ስምንት ወር ገደማ አለቀ። ለዚያ ዘመን አዲስ አበባ ይህ ተአምር ነበር። ግን ተአምሩ ሲሠራ አገሩ እንዴት ነበር?

ኮሚሽኑ በተቋቋመበትና አዳራሹ በታሰበበት ሰሞን ትግራይ ውስጥ ብርቱ ረሀብ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ወሬው አዲስ አበባ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሲደርስም በሹክሹክታ ነበር። የመንግሥቱ ገቢ ምን እንደነበር እናውቃለን፤ ከቡና ሽያጭ፣ ከጉምሩክ፣ ከገበሬው መሬት ግብር የሚሰበሰብ ነው። አዳራሹን የሠራው የንጉሡ እጅ ቢሆንም ብሩ የመጣው አዳራሹን በሕይወቱ ከማያየው ሰው ነው። ያ ሰው «ይሠራ ወይስ አይሠራ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ጋዜጣውም ቢሆን «ወጪው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችልበት ጊዜ አልነበረም፤ የጊዜው ጋዜጣ ሥራ ምረቃውን ማብሰር ነበር።

ጥያቄው ግን በሌላ በኩል ፈነዳ። አዳራሹ ሊመረቅ ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ የተነበበው መግለጫ ካነሣቸው ቅሬታዎች አንዱ፣ ገና ትናንት ነጻ የወጡት የአፍሪካ ሀገራት ወደፊት ሲራመዱ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ያላት ኢትዮጵያ ወደኋላ መቅረቷ ነበር። ልብ በሉ፤ በአንድ በኩል አፍሪካን የሚቀበል ውብ አዳራሽ ሊጠናቀቅ መስታወቱ እየተወለወለ ነው፤ በሌላ በኩል በዚያው ከተማ «አፍሪካ ጥሎን ሄደ» የሚል ድምፅ በሬዲዮ ይሰማል። አዳራሹም ሬዲዮውም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። አንዱ እንግዳ መቀበያውን ያሳያል፤ ሌላው ጓዳውን።

ሙከራው ከሸፈ። ብዙ ባለሥልጣናት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ፤ ከተማዋም ደም አየች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1961)፣ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። የከተማው ሰው ኀዘኑን ገና አልጨረሰም ነበር። ምረቃው ግን ምረቃ ነው፤ ተመረቀ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አዳራሹን ረግሞ ማለፍ ቀላል ነው። «ሕዝብ እየተራበ አዳራሽ!» ብሎ መዝጋት። ግን ታሪክ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ከሁለት ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ በዚያው አዳራሽ ከሠላሳ በላይ ነጻ የአፍሪካ ሀገራት መሪዎችና ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተከፍለው የነበሩ ሀገራት በአንድ ጣሪያ ሥር ቻርተር ፈረሙ። በዓመቱ ካይሮ ላይ በተደረገው ጉባኤ አዲስ አበባ የድርጅቱ ቋሚ መቀመጫ እንድትሆን ተወሰነ። ለዚህ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድና የውጭ ጉዳዩ ከተማ ይፍሩ ድካም ትልቅ ነው። አዳራሹ ባይኖር ግን ዲፕሎማሲው ምን ላይ ይቆም ነበር? እንግዳ የሚያስቀምጡበት ሳይኖር «እኔ ዘንድ ይሁን» ብሎ መከራከር አይቻልም። የዛሬው የአዲስ አበባ ሆቴል፣ ኤምባሲ፣ የአየር መንገዱ መንገደኛ፣ ከተማው ከጉባኤ የሚያገኘው ጥቅም ሁሉ ከዚያች አዳራሽ የተመዘዘ ክር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አዳራሽ ሂሳብ ሁለት ዓምድ አለው። በአንደኛው፣ ሳይጠየቅ የከፈለ ድሃ አለ። በሌላው፣ ለልጅ ልጅ የቀረ ጥቅም አለ። አንዱን ዓምድ ሸፍኖ ሌላውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሂሳቡን አላነበበም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ሁለተኛውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ቦታውን ማወቅ ይገባል።

የዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ግንብ በቆመበት ስፍራ ወህኒ ቤት ነበር። ሕዝቡ ከጣሊያንኛ ወስዶ «ከርቸሌ» አለው። በውስጡ የነበረውን፣ ገብቶ መውጣት የማይታሰብበትን ክፍል ደግሞ «ዓለም በቃኝ» ብሎ ጠራው። ስሙን ያወጣ ሰው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ቋንቋ አዋቂ ነበር፤ መነኩሴ ዓለምን በፈቃዱ ሲተው የሚለውን ቃል ዓለምን ተነጥቆ ለገባ እስረኛ ሰጠው። ወህኒ ቤቱ የተሠራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ፋሺስት ጣሊያን ተጠቅሞበታል፤ ንጉሡ ተጠቅመውበታል፤ ደርግ ከሁሉም በላይ ሞልቶታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት በተለምዶ «ስድሳዎቹ» የምንላቸው ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ የተረሸኑት እዚያ ነው። ከእነሱ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው።

ልብ ይሏል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ እንዲተከል ከደከሙት ሰዎች አንዱ፣ የድርጅቱ ወራሽ የሆነው ኅብረት ሕንጻውን በሠራበት መሬት ላይ ተረሽነዋል። የስድሳዎቹ አጽም ደርግ ከወደቀ በኋላ ወጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የአክሊሉ ስም ግን በአፍሪካ አዳራሽ ታሪክም በከርቸሌ ታሪክም ውስጥ አለ። ሁለቱን አዳራሾች የሚያገናኝ ድልድይ ቢፈለግ ከዚህ ሰው ዕጣ የበለጠ አይገኝም።

ድርጅቱ ራሱ ለአርባ ዓመታት የኖረው ከዚያ ወህኒ ቤት አጥር አጠገብ ነበር። መቀመጫ ብሎ የተረከበው የቀድሞውን የፖሊስ ማሠልጠኛ ግቢ ነው። ስለ ሰው ልጅ ነጻነትና ክብር ንግግር ሲደረግ በጎረቤት ያለው እስረኛ ከግንቡ ወዲያ ይተነፍስ ነበር። ድርጅቱ በአባል ሀገራት የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አልገባም በሚል መርሁ ሲወቀስ፣ ወቀሳው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ አጥሩን ቢያይ ይበቃው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሴፕቴምበር 9 ቀን የአፍሪካ መሪዎች ሊቢያ ውስጥ ሲርት ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ ኅብረት እንዲመሠረት አወጁ። ኅብረቱ በ2002 ደርባን ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። ሙአመር ጋዳፊ ገንዘቡም ፍላጎቱም ነበራቸው፤ የኅብረቱ መቀመጫ ወደ ሊቢያ እንዲሄድ ያላቸውን ምኞት አልደበቁም። አዲስ አበባ እንደገና እንደ 1950ዎቹ «እንግዳ የምቀበልበት የለኝም» የምትልበት ደረጃ ላይ ደረሰች። ልዩነቱ፣ ይህ ጊዜ ከኪሷ የምታወጣው ገንዘብ አልነበረም። አባል ሀገራቱም ቢሆኑ መዋጮ ለመክፈል የሚሽኮረመሙ ነበሩ።

በዚህ መሀል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ቤጂንግ ላይ በተደረገው የቻይናና የአፍሪካ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ ሕንጻውን ቻይና በስጦታ እንደምትሠራ ቃል ገቡ። የኢትዮጵያ መንግሥት መሬቱን ሰጠ። ዓለም በቃኝ በ2007 ፈረሰ። ግንባታው በ2009 መጀመሪያ ተጀምሮ ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2012) ተመረቀ። ዋጋው 200 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ንድፉ የሻንጋይ ቶንጂ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻ ተቋም ነው፤ ሥራ ተቋራጩ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ነው። ብዙው ዕቃ፣ እስከ ወንበርና ጠረጴዛው ድረስ፣ ከቻይና መጣ። ዋናው አዳራሽ 2,500 ሰው ይይዛል። ፎቁ ሃያ ደርብ ሲሆን ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው።

ይህ 99.9 የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የሲርት ቀን ነው፤ ዘጠነኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን፣ 99። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ያን ጊዜ ከሁሉ ረዝሞ የወጣው ሕንጻ ቁመቱ የተለካው አዲስ አበባ በማትቆጥርበት የቀን መቁጠሪያ ነው። ከዚህም የባሰ ምፀት አለ። ቁመቱ የሚያስታውሰው አዋጅ ዋና አራማጅ ጋዳፊ፣ ሕንጻው ሊመረቅ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በዚያችው በሲርት አቅራቢያ ተገደሉ። ድንጋይ ፖለቲካን የሚቀድም አይመስልም፤ ሲያዩት ግን ብዙ ጊዜ ከፖለቲካው የሚተርፈው እሱ ነው።

ሕዝቡ ምን አለ? እንደ ተራ ነገር ሦስት ዓይነት ሰው ተገኘ።

የመጀመሪያው ተደሰተ። አዲስ አበባ መቀመጫነቷን አጸናች፤ ሊቢያም ሌላም ከእንግዲህ አይነጥቃትም፤ ከተማው አማረበት። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በምረቃው ዕለት ባደረጉት ንግግር የቦታውን ያለፈ ታሪክ አልሸሸጉም። ወህኒ በነበረበት ስፍራ ይህ አዳራሽ መቆሙን አፍሪካ ከተስፋ መቁረጥ ወደ ተስፋ ለመሻገሯ ምሳሌ አድርገው አቀረቡት። ይህ ቀላል ሐሳብ አይደለም። ዓለም በቃኝ ውስጥ የታሠረ ሰው፣ ያ ቦታ ፈርሶ የአፍሪካ መሪዎች የሚሰበሰቡበት ቢሆን ቅር ይለው ነበር ብሎ መገመት ይከብዳል።

ሁለተኛው ተናደደ፤ ንዴቱ ከኢትዮጵያም ውጭ ነበር። ናይጄሪያዊቷ ምሁር ቺካ ኤዜአንያ በዚያው ዓመት በጻፉት ጽሑፍ ስጦታው ለኅብረቱም ለአፍሪካውያን ሁሉ ስድብ ነው አሉ። ነገሩን በቁጥር ብናየው ቁጣው መሠረት አለው። በ2012 የኅብረቱ አባላት 54 ነበሩ። 200 ሚሊዮን ለ54 ሲካፈል ለአንድ ሀገር 4 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። ነዳጅ የሚሸጡ፣ ወርቅና አልማዝ የሚቆፍሩ መንግሥታት ያሉበት ማኅበር፣ መሪዎቹ በየግል አውሮፕላናቸው ለጉባኤ የሚመጡበት ማኅበር፣ ለጋራ ቤቱ በነፍስ ወከፍ 4 ሚሊዮን ዶላር አዋጥቶ መሥራት ተሳነው። እድር እንኳ ድንኳኑን በራሱ መዋጮ ይገዛል እኮ! ድንኳኑን ጎረቤት ሰፈር የገዛለት እድር ላይ ነገ ማን ዳኛ እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ሦስተኛው ሰው ስለ ትዝታ ጠየቀ። ዓለም በቃኝ ሲፈርስ ጥቂት ግድግዳ፣ አንድ ክፍል፣ የሙታን ስም የሚጻፍበት ድንጋይ እንኳ መቅረት አልነበረበትም ወይ? የቀድሞ እስረኞች፣ የሟች ቤተሰቦችና የታሪክ ሰዎች ይህን ጠይቀዋል፤ በግቢው ውስጥ የሰብዓዊ መብት መታሰቢያ ይቁም የሚል ሐሳብም በኅብረቱ ዘንድ ተነሥቷል። ትልቅ ሕንጻ ለመሥራት ሦስት ዓመት የበቃው ግቢ፣ ትንሽ ድንጋይ ለመትከል ግን ረጅም ውይይት አስፈለገው። ይህ የእኛ የቆየ ልማድ ነው። አንድ መንግሥት የሌላውን ወህኒ ያፈርሳል፤ ሲያፈርስ ግን የራሱንም ጥፋት አብሮ እንዳይነገርበት የሚፈልግ ይመስል፣ ምልክት አይተውም።

የትዝታው ክርክር በሐውልትም መጣ። በምረቃው ዕለት በግቢው ውስጥ የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ሐውልት ተገለጠ። ወዲያው «የኃይለ ሥላሴስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በጋዜጣ ተጻፈ፤ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊም አምርሮ ተቃወመ። የመንግሥት መልስ ንክሩማ የመላው አፍሪካ ምልክት ናቸው የሚል ነበር። ንክሩማ ሐውልት አይገባቸውም የሚል ሰው ካለ ታሪክ አያውቅም። ግን ድርጅቱ የተመሠረተበትን አዳራሽ በሀገራቸው ወጪ ያሠሩት፣ መሥራች ጉባኤውንም የጠሩት ሰው ስማቸው አለመነሣቱ፣ ስለ ንክሩማ የሚናገር ሳይሆን ስለ እኛ የሚናገር ነገር ነበር። ጉድለቱ የተሟላው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የንጉሡ ሐውልት በዚያው ግቢ ሲቆም ነው።

አዳራሹ ሥራውን የጀመረውም በደስታ ብቻ አልነበረም። በተመረቀ በሁለተኛው ቀን መሪዎቹ የኮሚሽኑን ሊቀ መንበር ሊመርጡ ገቡ። ዣን ፒንግና ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ተወዳደሩ፤ ድምፅ ተደጋግሞ ቢሰጥም ማንም ሁለት ሦስተኛ አላገኘም። በአዲሱ ቤት የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ምርጫ ያለ ውጤት ተበተነ። መብራቱ፣ ማይክራፎኑ፣ የአስተርጓሚው ጆሮ ማዳመጫ ሁሉ አዲስ ነበር። መግባባት ግን ከቻይና አልተጫነም፤ ሊጫንም አይችልም።

ዋናው ጉድ የመጣው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳዩ ሌ ሞንድ ጋዜጣ፣ ሕንጻው ውስጥ ያለው የኮምፒውተር መረጃ ለአምስት ዓመት ያህል በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ሲተላለፍ ኖሯል ብሎ ጻፈ። ቻይና ፈጽሞ ሐሰት ነው አለች። የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪም ክሱን አልተቀበሉትም። እውነቱን የሚያውቁት የሚያውቁት ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ግን ክሱ እውነት መሆን አለመሆኑ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። የገዛ ገንዘቡን አውጥቶ፣ የገዛ መሐንዲሱን አቁሞ ቤት የሠራ ሰው፣ «ግድግዳህ ውስጥ ጆሮ አለ» ሲባል ሄዶ ግድግዳውን ያውቀዋል፤ ማን እንደሠራውም ያውቃል። የተሠጠ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ሁለት ምርጫ ብቻ አለው። ወይ ሰጪውን ማመን፣ ወይ ዝም ማለት። ይህ በ200 ሚሊዮኑ ደረሰኝ ላይ ያልተጻፈ ዋጋ ነው።

ቻይና ብቻ ናት ማለት ግን አይደለም። በዚያው ግቢ ያለውንና በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የተሰየመውን የሰላምና ጸጥታ ሕንጻ የሠራችው ጀርመን ናት፤ አንጌላ ሜርክል መጥተው እ.ኤ.አ. በ2016 መርቀውታል። የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልንም እንደገና ቻይና አዲስ አበባ ላይ ሠርታ በ2023 መጀመሪያ አስረክባለች። መሪዎቹ ራሳቸው በ2016 ኪጋሊ ላይ ከውጭ ከሚገባ ዕቃ 0.2 በመቶ እየቆረጡ ኅብረቱን በራስ ገንዘብ ለማስተዳደር ወስነው ነበር። ውሳኔው ሕመሙን ያወቀ ሰው ውሳኔ ነው። መድኃኒቱን መዋጥ ላይ ግን ሁሉም እኩል አልቸኮለም።

እስካሁን ያልኩት «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን የሚደግፍ ይመስላል። ግን የመጀመሪያውን አዳራሽ አንርሳ። የራሳችን ወርቅ የሠራው አዳራሽ ደምቋል፤ ዛሬም ያኮራል። ያን ወርቅ ያወጣው ገበሬ ግን አልተጠየቀም፤ ሲራብም አልተነገረለትም። ሁለቱን አዳራሾች ጎን ለጎን ስናቆማቸው የሚታየው ይህ ነው። በመጀመሪያው ከፈልን እንጂ አልተጠየቅንም። በሁለተኛው ስላልከፈልን አልተጠየቅንም። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ያልተጠየቀው ሰው ያው አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ክርክሩን «የራስ ይሻላል ወይስ የሰው?» በሚለው ብቻ ማጠር አያዋጣም። በራሱ ገንዘብ የሚሠራ መንግሥት ለሚከፍለው ሕዝብ ሂሳብ ካላሳየ፣ የራሱ ወርቅ ለሕዝቡ የሰው ወርቅ ነው። ስጦታ የሚቀበልም ውሉን ካላሳየ፣ ስጦታው ማን ለማን እንደሰጠው አይታወቅም። ግንብ የሚያኮራው ወጪውና ታሪኩ በግልጽ ሲነገርለት ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዛሬም ትሠራለች፤ ከቀድሞው ይልቅ ፈጥና ትሠራለች። የአፍሪካ አዳራሽ ራሱ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ከተባበሩት መንግሥታት በጀት 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ታድሶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። የአፈወርቅ መስታወትም ተጠግኗል። ሠዓሊው ይህን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ያኛው አዳራሽ በተመረቀ በወራት ውስጥ፣ አርፈዋል። በከተማው ምሥራቅ የተሠራው አዲስ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ደግሞ በ2025 ተመርቆ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዷል። ሌላም ይመጣል። በመጣ ቁጥርም ሰው «ያምራል»፣ «አያምርም» ይላል፤ ይበልም። መልኩን መውደድና መጥላት የዜጋ መብት ነው፤ ከተማው የሁሉም ስለሆነ።

ከመልኩ ጋር ግን ሦስቱ ጥያቄዎች ይነሡ። ወጪው ስንት ነው፣ ከየት መጣ፣ ውሉ የት ይነበባል? እዚህ ቦታ ላይ ማን ይኖር፣ ማን ይታሠር፣ ማን ይነግድ ነበር፤ ስሙስ የት ተጻፈ? ጉባኤ በሌለበት ቀንስ የሰፈሩ ልጅ ገብቶ ማየት ይችላል? እነዚህን መጠየቅ ልማትን መጥላት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ማንም በአደባባይ ሊጠይቃቸው አልቻለም፤ ጥያቄው በሬዲዮና በጥይት መጣ። በ2004 ዓ.ም. ጥቂቶች ጠየቁ፤ መልሱ ግን ምርቃት ብቻ ነበር።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተረሸኑበት መሬት ላይ ዛሬ በየዓመቱ የአፍሪካ መሪዎች ይሰበሰባሉ። ከእነሱ ስንቱ ያውቃል? የከተማችን ልጅስ ስንቱ ያውቃል? የአዳራሽ ዋጋ በዶላር ሲቆጠር ይህ አይታይም። ቢጻፍ ግን የሚያስወጣው አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳና የጥቂት ሰዎች ድፍረት ነው፤ ሰሌዳውን ደግሞ ከማንም መለመን አያስፈልገንም።